ከወደቡ ከተማ እስከ ዓለም መድረክ፤ ወጣት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ እንዴት ያድጋል?

በየትምህርት ቤታችን ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም። የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ «ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዙሩ» ሲል፣ ጓደኞቹ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጨርሱ እርሱ ሁለተኛውን ያጋምሳል። ትንፋሹም ቶሎ ይመለስለታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ «ሯጩ» ተብሎ ይጠራል። መምህሩ ይደሰታል፤ ወላጆቹም ተስፋ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ ከዚህ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት ሁላችንም አጥርተን የምናውቅ አይመስለንም። ብዙዎች ተስፋ የተጣለባቸው ልጆች ከዐሥራ ስምንት ዓመታቸው በፊት ከሩጫው የሚወጡት ተሰጥዎ ስለሚያንሳቸው ሳይሆን፣ ያገኘናቸው እኛ መምህራን ስለምንቸኩል ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ አንድ ወጣት የመካከለኛ ርቀት ሯጭ በምን ዓይነት እርከን እያለፈ እንደሚያድግ በምሳሌ ለማስረዳት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ወደቡና ሯጮቹ

ምሳሌያችንን ከሩቅ አናመጣም። የጅቡቲ ወደብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1917 አዲስ አበባ የገባው የባቡር ሐዲድ የሚነሣው ከዚያ ነው። ዛሬም ከውጭ አገር ከምናስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በዚያው በር ነው። ሾፌሮቻችንና ነጋዴዎቻችን ስለ ከተማይቱ ሲነገሩ በመጀመሪያ የሚያነሡት ሙቀቷን ነው። በበጋቸው ወራት የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበትም ስለሚጨመርበት ላብ ቶሎ አይደርቅም። ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። በዚህም ምክንያት እንዲህ ባለ ስፍራ የሚሮጥ ሰው ልምምዱን ፀሐይ ሳይወጣ ወይም ከገባ በኋላ ለማድረግ ይገደዳል። ከተማይቱ በባሕር ጠለል ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ የአዲስ አበባና የአሰላ ልጆች በተፈጥሮ የሚያገኙት የደጋ አየር ለእርሷ ልጆች የለም።

ይህም ሆኖ የአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ያህል ብቻ ሲሆን፣ ጅቡቲ በሩጫ ስሟን ያስጠራችው ነፃነቷን ካገኘችበት ከ1977 በኋላ ብዙ ሳትቆይ ነው። በ1985 በሂሮሺማ በተደረገው የዓለም የማራቶን ዋንጫ ሑሴን አሕመድ ሳላሕ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አንደኛ ሲወጣ፣ የአገሩ ልጅ ጃማ ሮብሌ ሦስተኛ ሆነ። ሳላሕ በ1987 በሮም፣ በ1991 ደግሞ በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ አገኘ። በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ያገኘው ነሐስም እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ጅቡቲ በኦሎምፒክ ያገኘችው ብቸኛ ሜዳሊያ ነው።

ከዚህ የማራቶን ትውልድ በኋላ ጅቡቲ በዓለም ሻምፒዮና ሌላ ሜዳሊያ ለማየት ከሃያ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረባት። የመጣውም በማራቶን ሳይሆን በመካከለኛ ርቀት ነው። ያመጣው ልጅ አያንሌ ሱሌይማን ይባላል። የተወለደው በጅቡቲ ከተማ በዲሴምበር 3 ቀን 1992 ነው።

መካከለኛ ርቀት ሲባል

መካከለኛ ርቀት የሚባሉት በተለይ 800 እና 1,500 ሜትር ናቸው። የ400 ሜትሩን መም 800 ሜትር ሁለት ጊዜ፣ 1,500 ሜትር ደግሞ ሦስት ጊዜ ከሦስት ሩብ ያዞራል። የእነዚህ ሩጫዎች አስቸጋሪነት ከአጭር ሩጫም ከረጅም ሩጫም ባሕርይ የተቀላቀለባቸው መሆኑ ነው። የመቶ ሜትር ሯጭ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞላ ጎደል ከጡንቻው ውስጥ ከተጠራቀመው ነው። የማራቶን ሯጭ ደግሞ ምግቡን በኦክስጅን እያቃጠለ ይጓዛል። የ800 ሜትር ሯጭ ግን ከሚያስፈልገው ኃይል ሁለት ሦስተኛውን ያህል በኦክስጅን፣ ሲሶውን ያህል ያለ ኦክስጅን ያገኛል። በ1,500 ሜትር ያለ ኦክስጅን የሚገኘው ድርሻ ወደ ሩብና ከዚያም በታች ይወርዳል።

ኃይል ያለ ኦክስጅን ሲገኝ ጡንቻው ውስጥ አሲድነት ይጨምራል። ተማሪዎች «እግሬ እንደ ድንጋይ ከበደኝ» የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የመካከለኛ ርቀት ሯጭ ፍጥነትም፣ ጽናትም፣ ከሁሉም በላይ የአሯሯጥ ልክን ማወቅ ያስፈልገዋል። ለምሳሌ ዴቪድ ሩዲሻ በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ ሲሮጥ የመጀመሪያውን ዙር በ49.28፣ ሁለተኛውን በ51.63 ሰከንድ ነው የፈጸመው። ልዩነቱ ከሁለት ሰከንድ ተኩል አይበልጥም። የእኛ ተማሪ ግን የመጀመሪያውን ዙር በ60፣ ሁለተኛውን በ70 ሰከንድ ሲሮጥ እናያለን። ይህ ልጅ የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ልክ ነው። ልክ ደግሞ በማስተማር የሚገኝ ነገር ነው።

የዕድሜ እርከኖች

የወጣቶች አትሌቲክስ በዕድሜ የተከፈለ ነው። ከ20 ዓመት በታች የሚሆኑት የሚወዳደሩበት የዓለም ሻምፒዮና የተጀመረው በ1986 በአቴንስ ነው። ከ18 ዓመት በታች ለሆኑት ደግሞ ከ1999 እስከ 2017 ድረስ የተለየ የዓለም ሻምፒዮና ይደረግ ነበር። በ2010 በሲንጋፖር የወጣቶች ኦሎምፒክ ተጨመረ። አፍሪካም የራሷ የወጣቶች ሻምፒዮና አላት፤ በ2015 አዲስ አበባ አስተናግዳዋለች።

ዕድሜው የሚቈጠረው በውድድሩ ቀን ሳይሆን በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን ባለው ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ደንብ ብዙ ነገር ያስረዳል። አያንሌ ሱሌይማን የተወለደው በዲሴምበር 3 በመሆኑ፣ በጃንዩዌሪ 1992 ከተወለደ ልጅ በአሥራ አንድ ወር ቢያንስም ሁለቱ የሚቈጠሩት በአንድ እርከን ነው። በዐሥራ አምስትና በዐሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ አሥራ አንድ ወር ማለት ብዙ ነው። የቁመት፣ የሳንባና የጡንቻ ልዩነት ያመጣል። እንዲሁም አያንሌ በ29 ቀን ዘግይቶ ቢወለድ ኖሮ በወጣቶች እርከን የሚቆየው እስከ 2011 ሳይሆን እስከ 2012 መጨረሻ በሆነ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው በወጣቶች ውድድር ሁለተኛ ወይም ስድስተኛ የወጣ ልጅ የግድ ከአንደኛው ያነሰ ተሰጥዎ አለው ማለት እንዳልሆነ ነው። ምናልባት የሚያንሰው በወራት ብቻ ይሆናል።

ሁለት ጎረቤታሞች

አሁን ከአያንሌ ጎን አንድ የአገራችንን ልጅ እናቁም። ሙሐመድ አማን የተወለደው በአሰላ በጃንዩዌሪ 10 ቀን 1994 ነው። በዕድሜ እርከኑ ውስጥ ከታላላቆቹ ወገን ነው ማለት ነው። የእርሱ ጉዞ ደረጃ በደረጃ የሚታይ ነው። በ2010 በሲንጋፖር የወጣቶች ኦሎምፒክ በ1,000 ሜትር የብር ሜዳሊያ አገኘ። በ2011 በሊል ከተማ በተደረገው ከ18 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮና በ800 ሜትር ኬንያዊው ሊዮናርድ ኮሴንቻ በ1 ደቂቃ ከ44.08 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ ሙሐመድ በ1 ደቂቃ ከ44.68 ሁለተኛ ሆነ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ ገና የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በሚላኖ ለረጅም ጊዜ ያልተሸነፈውን ሩዲሻን ቀደመው። በማርች 2012 በኢስታንቡል የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ዕድሜው 18 ዓመት ከሁለት ወር ነበር።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ጎረቤታሞች ተገናኙ። በኦገስት 2013 በሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና የ800 ሜትር ፍጻሜ ሙሐመድ አማን በ1 ደቂቃ ከ43.31 አንደኛ፣ አሜሪካዊው ኒክ ሲሞንድስ በ1 ደቂቃ ከ43.55 ሁለተኛ፣ አያንሌ ሱሌይማን በ1 ደቂቃ ከ43.76 ሦስተኛ ሆኑ። አሸናፊው በዕድሜ አቈጣጠሩ መሠረት ገና በወጣቶች እርከን ውስጥ ነበር፤ ሦስተኛው ከወጣቶች እርከን ከወጣ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ከሳላሕ በኋላ ጅቡቲ በዚህ ሻምፒዮና ያገኘችው የመጀመሪያው ሜዳሊያም ይህ ነው።

በማርች 2014 በፖላንድ በሶፖት ከተማ በተደረገው የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና ሙሐመድ በ800 ሜትር እንደገና ወርቅ ሲያገኝ፣ አያንሌ በ1,500 ሜትር በ3 ደቂቃ ከ37.52 አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የሆነው የእኛው አማን ወጤ ነው። በዚያው ዓመት አያንሌ በሞናኮ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ29.58 ሰከንድ ሮጠ። ይህም እያንዳንዱን የ400 ሜትር ዙር በ56 ሰከንድ ገደማ ማለት ነው። በፌብሩዌሪ 2016 ደግሞ በስቶክሆልም የቤት ውስጥ የ1,000 ሜትር የዓለም ሪኮርድን በ2 ደቂቃ ከ14.20 ሰከንድ አሻሻለ። የተሻሻለው ሪኮርድ ዊልሰን ኪፕኬተር በ2000 ያስመዘገበውና ለ16 ዓመታት የቆየ ነበር።

ሁለቱን ጉዞዎች ስናነጻጽር አንዱ ገና በወጣቶች እርከን ሳለ ዓለምን ሲያሸንፍ፣ ሌላው በዓለም የታወቀው ከዚያ እርከን ከወጣ በኋላ መሆኑን እናያለን። ሁለቱም መንገዶች ወደ አንድ መድረክ አድርሰዋል። ስለዚህ «በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ያልታየ አይታይም» የሚለው አነጋገር ሐሰት ነው።

አርባ ሳንቲ ሜትር

በኦገስት 2016 በሪዮ ኦሎምፒክ የ1,500 ሜትር ፍጻሜ እጅግ በዝግታ ተጀምሮ በመጨረሻው ዙር በሙሉ ፍጥነት ተፈጸመ። ማቲው ሴንትሮዊትዝ በ3 ደቂቃ ከ50.00፣ ታውፊቅ ማክሉፊ በ3 ደቂቃ ከ50.11፣ ኒክ ዊሊስ በ3 ደቂቃ ከ50.24 ገቡ። አያንሌ ሱሌይማን በ3 ደቂቃ ከ50.29 አራተኛ ሆነ። ከነሐሱ የለየው አምስት መቶኛ ሰከንድ ነው። በመጨረሻው ዙር ሯጮቹ በሰከንድ ስምንት ሜትር ያህል ይሄዱ ስለነበረ፣ አምስት መቶኛ ሰከንድ ማለት አርባ ሳንቲ ሜትር፣ ከአንድ ክንድ ያነሰ ማለት ነው። ጅቡቲ ከ28 ዓመት በኋላ ሁለተኛውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያዋን ያጣችው በዚህች አርባ ሳንቲ ሜትር ነው።

ይህን የምንተርከው ለማሳዘን አይደለም። ሞናኮ ላይ 3 ደቂቃ ከ29 የሮጠ ሰው፣ ሃያ ሰከንድ በዘገየ ሩጫ ሜዳሊያ ሊያመልጠው እንደሚችል ተማሪዎች እንዲረዱት ነው። መካከለኛ ርቀት ሰዓትን ብቻ ሳይሆን ሰውን መሮጥ ነው። መቼ መውጣት፣ ከማን ጎን መሆን፣ በየትኛው መስመር መቆየት እንደሚገባ ማወቅ ይጠይቃል። ይህ ዕውቀት የሚገኘው ደግሞ ከብዙ ዓመት ትዕግሥት ነው።

ቶሎ የበሰለ ፍሬ

ወደ 2012 የለንደን ፍጻሜ እንመለስ። ከስምንቱ ሯጮች ሦስቱ ዕድሜያቸው ከ19 በታች ነበር። የቦትስዋናው ናይጄል ኤሞስ በ18 ዓመቱ በ1 ደቂቃ ከ41.73 የወጣቶች የዓለም ሪኮርድ አስመዝግቦ ሁለተኛ፣ ኬንያዊው ቲሞቲ ኪቱም በ17 ዓመቱ ሦስተኛ፣ ሙሐመድ አማን በ18 ዓመቱ ስድስተኛ ሆነዋል። ያን ጊዜ የተመለከተ ሁሉ መጪዎቹ ዐሥር ዓመታት የእነዚህ ልጆች እንደሚሆኑ ሳይገምት አልቀረም። የሆነው ግን ሌላ ነው። ኪቱም ከዚያ በኋላ በኦሎምፒክም በዓለም ሻምፒዮናም ሜዳሊያ አላገኘም። ኤሞስ ሁለተኛ የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ሳያገኝ በ2022 በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ከውድድር ታገደ። ሙሐመድ አማን የመጨረሻውን የዓለም ወርቁን ሲያገኝ ዕድሜው 20 ነበር። በሊል ሙሐመድን የቀደመው ኮሴንቻም በታላላቆቹ የዓለም ውድድሮች ሜዳሊያ አላገኘም።

የእያንዳንዳቸው ምክንያት የተለያየ ነው። ሁሉንም በአንድ ቃል መፍረድም አይገባም። ይሁን እንጂ በጋራ የሚያስተምሩን አንድ ነገር አለ። በወጣትነት የተገኘ ድል የነገው ድል ዋስትና አይደለም።

በሌላ በኩል የጉዳፍ ጸጋይን ታሪክ እንይ። በ2014 በዩጂን ከተማ በተደረገው የወጣቶች የዓለም ሻምፒዮና በ1,500 ሜትር ዳዊት ስዩም ወርቁን ስትወስድ ጉዳፍ በ17 ዓመቷ ሁለተኛ ሆነች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ በዚያችው ከተማ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ0.21 ሰከንድ ሮጣ የዚያን ጊዜውን የዓለም ሪኮርድ ሰበረች። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ ሁለተኛ መውጣቷ ምንም አልጎዳትም።

እኛም ያጠፋነው ጥፋት አለ። ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ከመዛወራችን በፊት ባስተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበረን። በሁለት ቀን ውድድር 800፣ 1,500 እና 3,000 ሜትር አስሮጥነው፤ በመጨረሻም ለዱላ ቅብብል አሰለፍነው። ዋንጫው ለትምህርት ቤቱ መጣ፤ ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ሰዓት ተማሪው ሁሉ አጨበጨበ። ልጁ የቅልጥሙን ሕመም ከሳምንት በፊት ጀምሮ ሲሸሽግ መቆየቱን ያወቅነው ግን በማግሥቱ መራመድ ሲያቅተው ነው። አጥንቱ ተሰንጥቆ ነበር። ከወራት በኋላ ቢድንም ወደ ሩጫ አልተመለሰም። ዋንጫው ዛሬም በቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ። ልጁ ስለ ሕመሙ ያልነገረን እኛን ላለማሳዘን እንደነበረ ስናስታውስ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነው።

ከመምህሩ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የልጁን ዕድሜ በእውነት መያዝ ነው። አንዳንድ ጊዜ ልጁ እንዲያሸንፍ ተብሎ ሁለት ዓመት ይቀነስለታል። ይህ ለልጁ የተደረገ ውለታ አይደለም። በወረቀት ዐሥራ ስድስት የሆነ የዐሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በሚያሸንፋቸው ሕፃናት ላይ ግፍ ይሠራል። ራሱም እውነተኛ እኩዮቹን ሲያገኝ ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ የልምምድን መጠን ከዕድገት ጋር ማስማማት ነው። የታዳጊ ልጅ አጥንት ጫፍና ጅማቱ የሚያያዝበት ስፍራ ገና አልጠነከረም። ከጉልበት በታችና በተረከዝ ላይ የሚሰማ ሕመም «ያልፋል» ተብሎ የሚተው ሳይሆን ዕረፍት የሚጠይቅ ምልክት ነው። እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ድረስ ልጁ ኳስ ይጫወት፣ ይዝለል፣ አጭርም ረጅምም ይሩጥ። ከዚያ በኋላ ጥቂት በጥቂት ወደ አንድ ርቀት ያዘንብል።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጆችን በተለየ ጥንቃቄ መከታተል ነው። ብዙ እየሮጠች ጥቂት የምትበላ ልጅ የወር አበባዋ ሊቋረጥ፣ አጥንቷም ሊደክም ይችላል። «ብትከሺ ትፈጥኛለሽ» የሚለው ምክር እጅግ አደገኛ ነው።

አራተኛ፣ ሙቀትን መፍራት ነው። የጅቡቲ ልጅ የሚኖርበትን ሁኔታ የአፋር፣ የድሬዳዋና የሁመራ መምህራን በሚገባ ያውቁታል። በእኩለ ቀን የሚደረግ የ1,500 ሜትር ማጣሪያ ብርታትን አይለካም። ሰዓቱን ወደ ማለዳ ማዛወር፣ ውኃና ጥላ ማዘጋጀት ወጪ አይጠይቅም።

አምስተኛ፣ ትምህርቱን እንዳይተው መጠበቅ ነው። ከብዙ ሯጮች መካከል ወደ ዓለም መድረክ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው። የደረሱትም አርባ ሳንቲ ሜትር ልትለያቸው ትችላለች። ቀሪዎቹ ልጆች ሩጫው ሲያበቃ የሚይዙት ነገር ሊኖራቸው ይገባል። ያንን የሚሰጣቸው ደብተራቸው ነው።

ለክፍል ሥራ

መምህራን የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሰውነት ማጎልመሻም ሆነ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ።

1. አንድ ተማሪ 800 ሜትርን በ2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሮጠ። የመጀመሪያው ዙር 60 ሰከንድ ከነበረ ሁለተኛው ስንት ነው? ሁለቱን ዙሮች እኩል ቢሮጥ እያንዳንዱ ስንት ይሆናል? በሜዳ ሞክሩትና የትኛው እንደሚያደክም ተነጋገሩ።

2. በክፍላችሁ በአንድ ዓመት ከተወለዱት መካከል በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትና በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት የተወለዱትን ለዩ። የትምህርት ቤቱ ቡድን ውስጥ የሚበዙት የትኞቹ ናቸው?

3. በመሬት ላይ አርባ ሳንቲ ሜትር ለክታችሁ አስምሩ። ከመስመሩ አጠገብም ቁሙ።

ይህን ሦስተኛውን ተማሪ ሁሉ ቢሠራው እንወዳለን። የመስመሩን ማጠር ያየ ልጅ በአንድ ውድድር መሸነፍ የዓለም መጨረሻ አለመሆኑን ይረዳል። መምህሩም በዚያችው መስመር አጠገብ ሲቆም፣ ለአንድ ዋንጫ ብሎ የልጁን ዓመታት መክፈል እንደማይገባው ያስታውሳል። ያ የዕረፍት ደወል ሲደወል ከሁሉ ቀድሞ ከሜዳው የሚደርሰው ልጅ ነገም ከነገ ወዲያም እንዲሮጥ ከፈለግን፣ ዛሬ «ይበቃሃል፤ ዕረፍ» የሚለው ሰው እኛ መሆን አለብን።